የሂሉክስን ፊት ከኋላው ጋር ለማስተካከል የትኛው ሾክ አብዞርበር ይሻላል?

ሂሉክስ ባዶውን ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎን ቢያዩት አፍንጫው ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ያለ ነው። ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። መኪናው አንድ ቶን ገደማ ሊጫንበት የተሠራ ስለሆነ፣ ጭነቱ የኋላውን ባሌስትራ ሲያወርደው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታስቦ የተደረገ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ወይም በግማሽ ጭነት እንነዳዋለን። ወፈር ያለ ጎማ ለመግጠም የሚፈልግም አለ። ከፊት ከባድ መከላከያ ብረት አስገጥሞ አፍንጫው ይበልጥ የወረደበትም አለ። ስለዚህ ፊቱን ጥቂት ከፍ አድርጎ ከኋላው ጋር ማስተካከል የተለመደ ፍላጎት ሆኗል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሶማሌ ተራ ሲደርሱ ነው። አንዱ ነጋዴ ስፔሰር የሚባሉ ሁለት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች ያወጣና በግማሽ ቀን ሥራው እንደሚያልቅ ይነግርዎታል። ሌላው ከነሞላው የተገጣጠመ ሙሉ ሾክ ያሳያል። ሦስተኛው ደግሞ ከዱባይ የመጣ፣ ጎኑ ላይ ተጨማሪ የዘይት ቋት ያለው የሚያብረቀርቅ ሾክ ያቀርባል። የዋጋቸው ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው። ሁሉም መኪናውን ያነሣል ይላሉ፤ ሁሉም እውነታቸውን ነው። ገዥው መጠየቅ ያለበት ግን መኪናው ከተነሣ በኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ቦታ ምን ያህል እንደሚቀር ነው። ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ በመግዛቴ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ፤ ታሪኩን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

## መጀመሪያ የመኪናዎ ፊት በምን እንደቆመ ይወቁ

ከዚህ በታች የምለው በዋናነት የሚመለከተው ሞላው ሾኩን ከብቦ፣ ሁለቱ እንደ አንድ ዕቃ የሚገጠሙበትን ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቪጎ እና በ2015 የተከተለው ሬቮ በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የተሠራው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሂሉክስ በአብዛኛው ፊቱን የሚሸከመው በሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር በሚባል የሚጠመዘዝ ረጅም ብረት ነው። እሱን ከፍ ለማድረግ ማስተካከያ ቡሎኑን ማጥበቅ ይበቃል፤ ሾኩ ለብቻው ይመረጣል። ከእሱም ከቀደሙት ብዙዎቹ ከፊትም በባሌስትራ የቆሙ ናቸው። ላንድ ክሩዘር 79 ደግሞ ከፊት ሞላ ቢኖረውም ሾኩ ከሞላው ተለይቶ ይቆማል። ለነዚህ ሁሉ የከፍታው ጉዳይና የሾኩ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው። ሻጩ የቪጎ ዕቃ ይዞ «ይገጥማል» ቢላችሁ አትቀበሉ።

## መመዘኛዎቹ

ከሁሉም አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውና ከፍታውን የሚወስነው ሞላው ነው። ሾኩ ሥራው የሞላውን ውዝዋዜ መግታት ነው፤ በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያሳልፈው እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። «ከፍ የሚያደርግ ሾክ» ሲባል እንግዲህ የሞላውን መቀመጫ ከፍ ያደረገ ወይም ረዘም ካለ ሞላ ጋር የመጣ ሾክ ማለት ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛዬ ወደ ታች የሚተርፈው ጉዞ ነው። በምሳሌ ልግለጸው። የአንድ መኪና የፊት ጎማ በጠቅላላው 20 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል እንበል፤ መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም 12ቱ ወደ ላይ፣ 8ቱ ወደ ታች ናቸው። የሾኩን ርዝመት ሳንነካ ሞላውን በማጥበቅ ብቻ መኪናውን 4 ሴንቲ ሜትር ብናነሣው ወደ ላይ 16፣ ወደ ታች 4 ብቻ ይቀራል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አልፎ ሲወርድ፣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ብረት ከብረት ጋር ይጋጫል። ብዙ ሰው «ሞላው ደረቀ» ብሎ የሚያማርረው ብዙውን ጊዜ ይህን ግጭት ነው። ጥሩ አማራጭ ማለት ከፋብሪካው ሾክ በመጠኑ የሚረዝም፣ የተወሰደውን የቁልቁል ጉዞ በከፊል የሚመልስ ነው።

ሁለተኛው የሞላውና የሾኩ መስማማት ነው። ጠንካራ ሞላ ሲታመቅ ብዙ ኃይል ያከማቻል፤ ሲዘረጋም በኃይል ይመልሰዋል። የፋብሪካው ሾክ ደግሞ ለፋብሪካው ሞላ የተለካ ነው። ያረጀ ሾክ ላይ ጠንካራ አዲስ ሞላ መግጠም መኪናው ጉብታ ባለፈ ቁጥር ሁለቴና ሦስቴ እንዲዘል ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። ማዕበል በመሰለ ፒስታ ላይ ለሰዓታት ለሚጓዝ ግን ዋናው ነገር ነው። ሾኩ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ስለሚመታ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ አየር ከተቀላቀለበትም አረፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ፒስተኑ በአረፋ ውስጥ ያለ ተቃውሞ ይመላለሳል፤ ጎማው መሬት መንካቱን ይተውና መሪው ይቀላል። ሹፌሩ ልብ ሳይለው መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ይንሸራተታል።

አራተኛው ጥገና ነው፤ ቢበላሽ እዚህ አገር ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ይገኛል ወይ? በመጨረሻም ወጪ አለ። ወጪ ሲባል የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ሥራ፣ የጎማ አቅጣጫ ልኬት፣ አንዳንድ ጊዜም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ክንድ መለወጥ አብረው ይቆጠራሉ።

እነዚህን ከመመዘን በፊት ግን ሜትር ይያዙ። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ የጎማው ነፋስ በልኩ ሆኖ፣ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር አራቱንም ማዕዘን ለክተው ይጻፉ። የግራና የቀኝ ልዩነት ካለ ያረጀ ሞላ ሊኖር ይችላል፤ ስፔሰር የደከመ ሞላን አያድስም። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ሰው ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። 5 ሴንቲ ሜትር ሲታለፍ የላይኛው ክንድ ቦል ጆይንት (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ወደ መጨረሻ ጠርዙ ይጠጋል፣ ሲቪ ጆይንቶቹም (የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፉት መገጣጠሚያዎች) በሾለ ማዕዘን መሥራት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ጉዳዩ የሾክ ምርጫ መሆኑ ይቀርና የፊት ሙሉ ሥራ ይሆናል።

## የመጀመሪያው አማራጭ፦ የፋብሪካው ሾክ ላይ ስፔሰር

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሾኩ ራስና በሻንሲው መካከል የሚገባ ሲሆን ሌላው በሞላውና በመቀመጫው መካከል ይገባል። ሾኩ የታችኛውን ክንድ የሚይዘው ከጎማው ራቅ ብሎ መሃል አካባቢ ስለሆነ፣ ከላይ የገባ ስፔሰር ጎማው ላይ የሚያመጣው ከፍታ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህን የማያውቅ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ፈልጎ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይገዛል፤ መኪናውም አፍንጫውን ሰቅሎ ይመለሳል።

ከላይ የሚገባው ሾኩን እንዳለ ወደ ታች ይገፋዋል። በምሳሌያችን ወደ ታች 8 ሴንቲ ሜትሩ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ጎማው ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበው በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ጫናው ቦል ጆይንቱና ሲቪ ጆይንቱ ላይ ያርፋል። ሲታመቅ ደግሞ የላስቲኩ ማቆሚያ ከመድረሱ በፊት ሾኩ ውስጥ ውስጡን ሊደቅ ይችላል። ሞላው ላይ የሚገባው እነዚህን አያደርግም፤ ግን የቁልቁል ጉዞውን ይበላል።

እኔ የገጠምሁት የመጀመሪያውን ነበር፤ መኪናዬ የ2012 ሞዴል ቪጎ ነው። ጋራዡ ውፍረቱን እንጂ ከፍታውን አላሰላም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለጥቂት ወራት ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ ኮብል ስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ ከፊት ኳ ኳ የሚል ድምፅ ጀመረ፤ ቀጥሎ የቀኙ ሲቪ ጆይንት ላስቲክ ተቀድዶ ግራሶው ጎማው ላይ ተረጨ። ስፔሰሩን አስወጥቼ፣ ላስቲኩን አስለውጬ፣ ሙሉ ሾክ ከነሞላ ገዛሁ። ርካሹ መንገድ ከውዱ በላይ አስወጣኝ።

ይህን ስል ስፔሰር ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። ሾኩና ሞላው ገና አዲስ ከሆኑ፣ መኪናው ከተማ ውስጥ የሚውል ከሆነ፣ ጎማው ላይ የሚመጣው ከፍታም 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ያገለግላል። ሾኩ 100,000 ኪሎ ሜትር የሠራ ከሆነ ግን ገንዘቡን ይቆጥቡ።

## ሁለተኛው፦ ባለ ሁለት ቱቦ ጋዝ ሾክ ከሚስማማው ሞላ ጋር

እዚህ ሾኩና ሞላው አብረው ይለወጣሉ። የውስጠኛው ቱቦ ፒስተኑን ይይዛል፤ የውጭኛው ትርፍ ዘይትና ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ይይዛል። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀር ከዚህ ወገን ነው፤ ሌሎችም ብዙ አሉ።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ሞላው በክብደት መመረጡ ነው። ፊቱ ባዶ ለሆነ መኪና አንድ ሞላ፣ መከላከያ ብረት ላለው ሌላ፣ መከላከያና ዊንች (የመኪና መጎተቻ) ላለው ሌላ አለ። ሻጩ «ፊቱ ላይ ምን ተገጥሟል?» ብሎ ካልጠየቀዎት ዕቃውን አያውቀውም ማለት ነው። ለባዶ ፊት የከባድ ሞላ የገጠመ ሰው እንደ ጋሪ የሚንገጫገጭ መኪና ይነዳል፤ ለከባድ ፊት የቀላሉን የገጠመ ደግሞ የፈለገውን ከፍታ አያገኝም።

የቱቦው ድርብነት ለእኛ መንገድ ሌላ ጥቅም አለው። ድንጋይ ተወርውሮ የውጭውን ቱቦ ቢሰረጉደው ፒስተኑ የሚሄድበት የውስጠኛው አይነካም፤ ሾኩ ሥራውን ይቀጥላል። ጉድለቱ ሙቀት ላይ ነው። ሙቀቱ በሁለት ግድግዳ ማለፍ ስላለበት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ዘይቱና ጋዙም በአንድ ክፍል ስለሚኖሩ በረጅም ፒስታ ላይ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ይህን ለማስቀረት በጋዙ ቦታ ስፖንጅ መሰል አረፋ የሚያስገቡ አምራቾች አሉ፤ ለከባድ ሥራ ከተራው ይሻላል።

## ሦስተኛው፦ ባለ አንድ ቱቦ፣ የሞላ መቀመጫው የሚስተካከል

በዚህኛው ቱቦው አንድ ብቻ ነው። ናይትሮጅኑ በከፍተኛ ግፊት ከታች ወይም ከላይ ይታጎራል፤ ተንሳፋፊ ፒስተን ከዘይቱ ይለየዋል። ስለሚለየውም ዘይቱ አረፋ አይሆንም። ሙቀቱ በቀጥታ ወደ አየር ስለሚወጣ ቶሎ ይበርዳል። የቢልስታይን 5100 የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ፒስተኑ 46 ሚሊ ሜትር ነው። በሾኩ አካል ላይ የተቀረጹ ጎድጓዳ መስመሮች አሉ፤ የሞላው መቀመጫ የሚያርፍበትን ቀለበት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በማንሣት ከፍታው ይወሰናል። የፋብሪካውን ሞላ መጠቀም ስለሚቻል ወጪው ይቀንሳል።

ከፍታው የሚመረጠው ሾኩ ከመገጠሙ በፊት ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ ሁሉም ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። የመጨረሻውን መስመር መምረጥ የሚያጓጓ ቢሆንም ያው የቁልቁል ጉዞ ጥያቄ ይመለሳል፤ መካከለኛውን እመርጣለሁ። የነጠላ ቱቦ ድክመት ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ቱቦው በጥልቀት ከተሰረጎደ ፒስተኑ ይነቃል። ከፊት ሞላው ዙሪያውን ስለሚከልለው ይህ ስጋት ይቀንሳል፤ ከኋላ ግን ሾኩ ራቁቱን ስለሚቆም ይጨምራል። ስለዚህ ከፊት ነጠላ ቱቦ፣ ከኋላ ድርብ ቱቦ መግጠም ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ለፒስታ ሠራተኛ የምመክረው ነው።

አነዳዱ ላይ ያለው ልዩነት ቁልቁለት ላይ ይሰማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርዱ በየጠመዝማዛው ፍሬን ይያዛል። ፊቱ ከፍ ያለ መኪና ሲያዝ አፍንጫውን ይበልጥ ይደፋል፤ ደህና ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ይህን መድፋት ያረጋዋል። ቀስ ብለው ጉብታ ሲያልፉ ግን ከፋብሪካው ጠንከር ማለቱን ይወቁት።

## አራተኛው፦ ትልቅ ዲያሜትር ያለው፣ የውጭ ቋት የተጨመረበት

የአሜሪካዎቹ ፎክስና ኪንግ ከሚያመርቷቸው መካከል 2.5 ኢንች ዲያሜትር ያላቸው እዚህ ይመደባሉ። ብዙ ዘይት ይይዛሉ፣ ቀኑን ሙሉ ቢመቱም በቀላሉ አይግሉም፣ መቀመጫቸው በጥርስ የሚዞር ስለሆነ ከፍታው በሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ሲያረጁ ተፈትተው በአዲስ ጎሚኒና ዘይት ይታደሳሉ። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው፤ መታደስ ይችላሉ ማለት መታደስ ይፈልጋሉ ማለትም ነው። ለዚህ ልዩ መሣሪያ፣ የናይትሮጅን መሙያና ትክክለኛው የጎሚኒ ስብስብ ያስፈልጋል። አቧራችን ደግሞ ጎሚኒን ቶሎ ይበላል። የሚያድስልዎትን ባለሙያ በስም ሳያውቁ አይግዙ። ዳሎልን ከነቱሪስቶቹ በየሳምንቱ የሚመላለስ ድርጅት ካልሆነ በቀር ለ3 ሴንቲ ሜትር ማስተካከያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

በቁልፍ ጥንካሬያቸው የሚለወጥ ሾኮችም አሉ፤ የራንቾ ባለ ዘጠኝ ደረጃ ለዚህ ምሳሌ ነው። አንድ ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ጭነት ለሚሆንበት መኪና ይጠቅማሉ። ቁልፉ ግን ጥንካሬውን እንጂ ከፍታውን አይለውጥም።

| አማራጭ | ወደ ታች የሚተርፍ ጉዞ | ሙቀት መቋቋም | ጥገና በአገር ውስጥ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ስፔሰር ከላይ | አይቀንስም፤ መገጣጠሚያዎችን ይወጥራል | እንደ ፋብሪካው | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ስፔሰር ሞላው ላይ | ይቀንሳል | እንደ ፋብሪካው | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ባለ ሁለት ቱቦ ከነሞላው | ጥሩ፣ ሾኩ ከረዘመ | መካከለኛ | በአዲስ ይተካል | መካከለኛ |
| ባለ አንድ ቱቦ፣ መቀመጫው የሚስተካከል | በመካከለኛ መስመር ጥሩ | ከፍተኛ | በአዲስ ይተካል | ከመካከለኛ በላይ |
| 2.5 ኢንች ከነቋቱ | በጣም ጥሩ | በጣም ከፍተኛ | አስቸጋሪ | እጅግ ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

ኋላውን ዘወትር ጭነው የሚሠሩ ከሆነ፣ ጤፍም ይሁን ሲሚንቶ፣ ፊቱን ጨርሶ አይንኩት። ባሌስትራው ሲወርድ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል፤ የፊት መብራቱም ከፊትዎ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። በሌሊት መንገድ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ያረጀውን ሾክ በፋብሪካው ዓይነት መለወጥ ይበቃዎታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚውልና አልፎ አልፎ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ሰው ባለ ሁለት ቱቦው ከቀላል ሞላ ጋር ይስማማዋል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ፣ ሾኩም አዲስ ከሆነ፣ ትንሽ ስፔሰር ያግኝ። ሾኩ ካረጀ ግን ስፔሰሩን ትቶ ለሙሉው ዕቃ ይቆጥብ።

በእርዳታ ድርጅት ወይም በመስክ ሥራ ወደ ኦሞ ወይም ወደ አፋር ለሚመላለስ፣ ፊቱ ላይ መከላከያ ብረት ለሌለው መኪና ባለ አንድ ቱቦውን እመርጣለሁ። መከላከያና ዊንች ካለው ግን የፋብሪካው ሞላ አይበቃውም፤ ለዚያ ክብደት የተሠራ ሞላ የግድ ነው፤ ያኔ ከሞላው ጋር ተለክቶ የመጣው ጥንድ ያሸንፋል።

ዕቃውን ከአሜሪካ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ለምታስቡ ደግሞ፦ እዚያ ፊት ማስተካከል እጅግ የተለመደ ስለሆነ ገበያው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ሂሉክስ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም። እዚያ ያለው ታኮማ ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የሾካቸው ቁጥር ግን የየራሱ ነው። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ልካችሁ፣ የአምራቹ ዝርዝር ላይ ሂሉክስ ተብሎ መጻፉን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትላኩ።

## ሲገጠም ቆመው የሚያዩዋቸው ነገሮች

የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። ትክክለኛ የሞላ መጨመቂያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ እንዲነካ አይፍቀዱ፤ ሞላው ሳይያዝ የሾኩ ራስ ዳዶ ከተፈታ እንደ ጥይት ይፈናጠራል። ሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ይለወጥ። የክንዶቹና የሾኩ የታች ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ቦኮላዎቹ (ቡሎኖቹ የሚያልፉባቸው የላስቲክ ቀለበቶች) ተጠምዝዘው ስለሚቀሩ ቶሎ ይቀደዳሉ። ይህን ብዙ መካኒክ ያልፈዋል፤ እርስዎ ግን ያሳስቡ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጎማ አቅጣጫ ልኬት ይሂዱ። ፊቱ ሲነሣ ካስተር የሚባለው ማዕዘን ስለሚቀንስ መሪው ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል። ከልኬቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች በወረቀት ይቀበሉ። የፊት መብራቱ ወደ ታች ይስተካከል። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ጎማው ሲንጠለጠል አለመወጠራቸውን በእጅ ይዳስሱ። 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ አዲሱ ሞላ በመጠኑ ስለሚረጋ ተመልሰው አራቱን ማዕዘን ይለኩ፣ ቡሎኖቹን ያስፈትሹ፣ የሲቪ ጆይንቶቹንም ላስቲክ ተንበርክከው በባትሪ ያብሩበት።